አባቴ የታሰረበትን መጋዘን ልናይ መርካቶ ሄድን

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የማይሄድ ሰው የለም። ለሕክምና ይሄዳል፣ ለሠርግ ይሄዳል፣ ዘመድ ኤርፖርት ለመሸኘት ይሄዳል። እስር ቤት ለመጎብኘት ብሎ የተነሣ ሰው ግን አላውቅም። እኔና አባቴ ሄድን። ከተመለስኩ ወዲህ የመምህራን ክፍል ጓደኞቼ «ምን ይመስላል? ምን አያችሁ?» እያሉ ሻይ እንኳን በሰላም አላስጠጡኝም፤ አንዴ ልጻፈውና ሁሉም ያንብበው ብዬ ነው። የምጽፈው በተለይ ለማይሄዱት ነው። ለሚሄዱት ያለኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፦ ማር ይዛችሁ አውቶቡስ አትሳፈሩ።

መጀመሪያ የሄድንበትን ምክንያት ልናገር። አባቴ ፈቀደ ባልቻ በወጣትነቱ መርካቶ ውስጥ የልብስ ሰፊ ረዳት ነበር። በደርግ ጊዜ አንድ ሰው ጠቁሞበት ተያዘና በዚያው ሰፈር፣ ያኔ ከፍተኛ የሚባለው የወረዳ አስተዳደር እስር ቤት ባደረገው መጋዘን ውስጥ ዐሥር ወር ታሰረ። እኛ ልጆቹ መታሰሩን እናውቃለን፤ ዝርዝሩን ግን ነግሮን አያውቅም። የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሚባል አልነበረውም። የትውልድ አገሩ ሩቅ ነው፤ መታሰሩን የሰማ ቤተሰብ የለም። እንዲያም ሆኖ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና እሑድ፣ በስሙ ስንቅ ይመጣለት ነበር። ያመጣውን ሰው አያየውም። ዘበኛ በር ላይ ይቀበላል፣ ስም ይጠራል፣ ምሳ ዕቃው ይገባል፣ ባዶው ተመልሶ ይወጣል።

ከተፈታበት ዕለት ጀምሮ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠይቅ ዋለ። አከራዩን ጠየቀ፣ አሠሪውን ጠየቀ፣ ጎረቤቱን ጠየቀ። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አሉት። ያኔ ሰው እስረኛ መጠየቁን ማመን ይፈራ ስለነበር ማን እውነቱን እንደተናገረም አላወቀም። በሦስተኛው ቀን እንደገና እንዳይያዝ ሰግቶ በጭነት መኪና ጅማ ገባ፤ እዚያው ቀረ። እናቴን አገባ፣ እኛን ወለደ፣ ልብስ ሲሰፋ አረጀ። ማዕድ በቀረበ ቁጥር ከመቁረሱ በፊት «ያንን ስንቅ ያቀበለኝን እጅ ይባርክልኝ» ይላል። የማዕድ ጸሎት ለሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለኝ ስለነበር፣ ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ስጋበዝና ሳይባል ሲቀር ግራ ይገባኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ያ መጋዘን ታድሶ ለጎብኚ መከፈቱን የጎረቤት ልጅ በስልኳ አሳየችው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አይቶ «በሩን ቀለም ቀብተውታል» ብቻ አለ። ከሳምንት በኋላ አንድ ማታ ወደ እኔ ዞሮ «እዚያ የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆናል። ልቤ እንደምታይው ነው። ሳላመሰግን መሞት አልፈልግም» አለኝ። አብሬው የሄድኩት ለሱ ብዬ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ያላየሁትን ቦታ ካላየሁ አላርፍም። የዚያን ሰው ማንነት የማወቅ ጉጉት ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሲያቁነጠንጠኝ ኖሯል።

ሐሙስ

አውቶቡሱ የሚነሣው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ አባቴ በዐሥር ሰዓት ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ በር ላይ ቆሟል። «ክራቫት ለአውቶቡስ?» ብለው «ለአውቶቡሱ አይደለም» አለኝ። እኔ ደግሞ ለሚያሳድረን ሰው ስጦታ ይሆናል ብዬ የጅማ ማር በፕላስቲክ ዕቃ ሞልቼ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣ ልብሴ መሐል ሸጉጬዋለሁ።

እስከ ጊቤ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። የእኛ አገር መንገድ ጥላ አለው፣ ዛፍ አለው፣ ነፋስ አለው። ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ግን ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊት ፊታችንን ይለን ጀመር። መስኮት ይከፈት፣ አይከፈት የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። ሰዉ ከሙቀቱ ይልቅ ነፋሱን ስለሚፈራ «ምች ይመታናል» ያሉት አሸነፉ፤ መስኮቱ ተዘግቶ ቀረ። ወልቂጤ ለምሳ ስንወርድ ቦርሳዬ ከሥሩ ይንጠባጠባል። ለጉብኝቱ ብዬ የያዝኩት ደህና ቀሚስ፣ ሹራቤ፣ ፎጣዬ ሳይቀር ማር ጠጥተዋል። የምግብ ቤቷ አስተናጋጅ አይታ «እትዬ፣ አዲስ አበባ ድረስ ንብ እንዳይከተላችሁ» አለችኝ። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ወልቂጤ ደርሶ ክትፎ የማይበላ የለም ብዬ አዘዝኩለት፤ ሁለት ጉርሻ ወስዶ ተወው። ሐሳብ ሆዱን ሞልቶታል።

አየር ጤና ወርደን ሚኒባስ ታክሲ ይዘን መርካቶ ገባን። ለማያውቀው ሰው መርካቶን እንዴት ልንገረው? ጅማም መርካቶ የሚባል ሰፈር አለን። የእኛው ጠዋት ተነሥቶ እስከ ምሳ ሰዓት ተዞሮ ያልቃል፤ ሻጩም ገዢውም ይተዋወቃል። እዚህ ግን አንድ መንገድ ሙሉ ጫማ ብቻ፣ ቀጥሎ ያለው መንገድ ሙሉ ቆርቆሮ ብቻ ነው። መንገዱ መሐል ደግሞ ሰው፣ ጋሪ፣ መኪናና ሸክም አንዱ በሌላው ላይ ይሄዳል። አባቴ «እኔ አውቀዋለሁ፣ ተከተይኝ» ብሎ ከፊት ሆነ። «እዚህ ጋ ወደ ቀኝ» ይላል፤ በስተቀኝ የመስታወት ፎቅ ቆሟል። «እንግዲያው ወደ ግራ» ይላል፤ በግራ በቆርቆሮ የታጠረ ጉድጓድ ነው። እኔም በስልኬ ካርታ ልምራ ብዬ እዚያው ፎቅ ሥር ሁለት ጊዜ መለስኩት። ካርታ የማስተምረው እኔ ነኝ።

በመጨረሻ አራት የስፖንጅ ፍራሽ በራሱ ላይ የተሸከመ ሰው ግራ መጋባታችንን አይቶ ቆመ። «የት ነው የምትሄዱት?» አለን ከፍራሾቹ ሥር። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ አንድ ፔንሲዮን አልነው። «ከኋላዬ ሁኑ፣ አትራቁ» አለና «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ መንገድ ከፈተልን። ባሕር እንደተከፈለላቸው ሰዎች ፍራሾቹን ተከትለን በሩ ድረስ ደረስን። አባቴ ሊሸልመው እጁን ወደ ኪሱ ሲከት ሰውዬው «አባት፣ መንገዴ ነው» ብሎ ሄደ። መንገዱ እንዳልነበር ፔንሲዮኑ ውስጥ ከገባሁ በኋላ በመስኮት አየሁ፤ በመጣንበት በኩል ተመልሶ ይሄዳል።

ፔንሲዮኑ የሐጂ ሸምሱና የባለቤታቸው የእትዬ ዘይነባ ነው፤ ሁለቱም የስልጤ ሰዎች ናቸው። እትዬ ዘይነባ ቦርሳዬን ስትከፍተው «ይሄ ልብስ ነው ጠጅ?» አለችና ቀሚሴን ሳታስፈቅደኝ ወስዳ ዘፈዘፈችው። የተረፈውን ማር ሰጠኋት፤ የራሷን ቀሚስ አዋሰችኝ። እሷ ወፍራምና ረጅም ናት፣ እኔ ቀጭንና አጭር ነኝ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ቀሚሱን በሁለት እጄ ሰብስቤ ነበር የምሄደው።

ሐጂ የመጣንበትን ሲሰሙ ተገረሙ። «ሰው ከእስር ቤት ይሸሻል እንጂ ከጅማ ድረስ ይመጣል?» አሉ። አባቴ ታሪኩን ሲነግራቸው ግን እስከ መጨረሻው ሰሙትና «የዛሬ ዐሥር ዓመት ብትመጣ ኖሮ ጥሩ ነበር» አሉት። «የዚያን ጊዜ ሰው አልቋል። የቀረውም ሰፈሩ ሲፈርስ ሌላ ቦታ ቤት ተሰጥቶት ሄዷል። ቢሆንም ሞክር፤ አላህ ያውቃል።»

ዓርብ

ጠዋት አባቴ ከቁርስ በኋላ ጠፋ። ስፈልገው አንድ ፌስታል ብርቱካንና ሦስት ዳቦ ይዞ መጣ። «ይሄ ለምንድን ነው?» ብለው «እስር ቤት አይደል የምንሄደው?» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

መጋዘኑ ከፔንሲዮኑ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። የድንጋይ ቤት ነው፤ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል፤ በሩ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። መግቢያው ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ተቀምጦ አባቴን አየና «ለአረጋውያን በነጻ ነው» አለው።

«ያኔም በነጻ ነው የገባሁት» አለ አባቴ።

ሰውዬው አልገባውም። ጥበቃው ግን ገብቶት አፉን በእጁ ያዘ። ቀጥሎ ፌስታሉን ሲፈትሽ ፊቱን ቅጭም አደረገ፦ «አባት፣ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም።»

«እስር ቤት በባዶ እጁ የሚሄድ ሰው አለ?»

«አባት፣ አሁን እኮ እስረኛ የለም።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «ባዶ እጄን ልመጣ ሞክሬ አልሆነልኝም።»

ጥበቃው ከዚህ በኋላ አልተከራከረም። ፌስታሉን ተቀብሎ የራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠልን።

አስጎብኚያችን ትዕግሥት የምትባል፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ወጣት ነበረች። ቤቱን አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ለቆዳና ለቡና መጋዘን እንዳሠራው፣ ደርግ እንደወረሰው፣ ከእስር ቤትነት በኋላም የዘይትና የስኳር ማከማቻ ሆኖ እንደቆየ ነገረችን። እኔ የጠየቅኳትን ጥያቄ ብዛት አሁን ሳስበው አፍራለሁ፦ ጣሪያው ስንት ሜትር ነው? የት ይታጠቡ ነበር? ክረምት ያፈሳል? ብርሃን በየት ይገባል? ከእኛ ጋር ሌሎች ጎብኚዎችም ነበሩ፤ ሁለት ወጣቶች የብረት ፍርግርጉን ጨብጠው፣ ያዘነ ፊት እየሠሩ ፎቶ ይነሣሉ። ተቆጣሁ፤ ግን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ እኔም ያንኑ ፍርግርግ ፎቶ ሳነሣ ራሴን ያዝኩት።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ገባን። ወለሉ ላይ የመኝታ ቦታውን የሚያሳዩ ነጭ መስመሮች ተሠምረዋል። ትዕግሥት «እዚህ እስረኞች ተደራርበው ይተኙ ነበር» ስትል አባቴ አቋረጣት።

«ተደራርበን አልተኛንም፤ በጎን ነው የተኛነው። ሁላችንም ወደ አንድ ጎን። አንድ ሰው ለብቻው መዞር አይችልም፤ ካቦው ‹ዙሩ› ሲል ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ ይዞራል።»

ካቦ ማለት እስረኞቹ ራሳቸው የሚመርጡት የክፍል አለቃ ነው። ትዕግሥት ቆመች። «እዚህ ነበሩ እንዴ?» አለችና ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ከዚያ በኋላ አስጎብኚው አባቴ ሆነ። አዲስ የገባ ሰው በሩ ሥር፣ ባልዲው አጠገብ እንደሚተኛ ነገረን። ከውስጥ አንድ ሰው ተጠርቶ ላይመለስ ሲወጣ ሁሉም አንድ ቦታ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። «ቦታዬ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ደስ ይለኝ ነበር» አለ አባቴ። «ለምን እንደተጠጋች ትዝ ሲለኝ ደግሞ አፍር ነበር።» ዐርባ ሦስት ዓመት ልጁ ሆኜ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ለሴት ልጁ ያልነገረውን ለአስጎብኚ ይነግራል ብዬ ትንሽ ቀናሁ።

ሦስተኛው ክፍል ውስጥ በመስታወት ሣጥን ምሳ ዕቃዎች ተደርድረዋል። አባቴ መነጽሩን አውጥቶ አንድ በአንድ አያቸው። «የኔ የለም» አለ። «የኔ ሰማያዊ ነበር፤ ክዳኑ ግን የሌላ ዕቃ ነው፣ ቢጫ።» ስንቅ ያቀበሉ ሰዎች መዝገብ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ትዕግሥት አለመኖሩን ስትነግረው መነጽሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። እኔም እንግዲህ በዚሁ ልንመለስ ነው አልኩ።

እሷ ግን ትንሽ አሰበችና «አንድ ሴት አሉ» አለች። «በተከፈተ ሳምንት መጥተው ተቆጡን። እነዚህን ምሳ ዕቃዎች ለማሳያ ብለን ከገበያ ነው የገዛናቸው። ‹ማን ነው ለእስረኛ አዲስ ምሳ ዕቃ የላከ? ደህናው ዕቃ ገብቶ ላይወጣ ይችላል፣ የተላላጠውን ነበር የምንልከው!› አሉን። ወንድማቸው እዚህ ታስሮ ነበር። እዚያ በር ላይ ብዙ ስለተሰለፉ ሌሎቹን አቀባዮች ሳያውቁ አይቀሩም። እትዬ ሙሉነሽ ይባላሉ፤ በርበሬ በረንዳ የባልትና ሱቅ አላቸው።»

ያኔውኑ መሄድ ፈልጌ ነበር፤ አባቴ ግን አልቻለም። በሩ ላይ ሲደርስ ግድግዳውን ይዞ ቀረ፤ ከንፈሩ ነጣ። ጥበቃው ወንበሩን አስጠጋለት፣ ውኃ አመጣለት፣ ከፌስታላችን አንድ ብርቱካን አውጥቶ ላጠለት። ትዕግሥትም መጣች። ለማን እንደመጣ ያልታወቀውን ዳቦና ብርቱካን እዚያው በር ላይ አራታችን በላነው። ከዚያ ታክሲ ይዤ ፔንሲዮን ወሰድኩትና እስከ ማታ ተኛ። እትዬ ዘይነባ አጥሚት ሠርታ አመጣችለት፤ ሐጂም የዓርብ ስግደታቸውን ጨርሰው መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ጅማ ቢሆን ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር ብዬ ሳስብ፣ እዚህም መሰብሰቡ ገረመኝ።

ቅዳሜ

«ዛሬ ይቅርብህ፣ እኔ ሄጄ ልጠይቅ» ብለው አልሰማኝም። ክራቫቱን አስሮ ቀደመኝ።

በርበሬ በረንዳ ገና ሳይደርሱበት በአፍንጫ ይታወቃል። እኔ ስምንት ጊዜ አነጠስኩ፤ የተዋስኩትን ቀሚስ ስለቅ ደግሞ ጫፉን ረግጬ አንድ የሚጥሚጣ ጆንያ ላይ ልደፋ ነበር። የእትዬ ሙሉነሽን ሱቅ ሁለት ሰው ጠይቀን አገኘነው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ስድሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ በጣሳ ሽሮ እየሰፈረች ከአንዲት ደንበኛ ጋር ስለ መከለሻ ትከራከራለች።

«እትዬ ሙሉነሽን ፈልገን ነበር» አልኩ።

«እኔ ነኝ። በርበሬ ነው ሽሮ?»

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። «ከድሮው እስር ቤት ነው የላኩን። እዚያ ታስሬ ነበር።»

«እንኳን እግዜር አወጣዎ» አለች ጣሳዋን ሳታቆም። «ሰውም ይመጣል ሁልጊዜ። ምን ልርዳዎት?»

«እኔ በዚያን ጊዜ ዘመድ አልነበረኝም። ስንቅ ግን ይመጣልኝ ነበር። ያቀበለኝን ሰው ነው የምፈልገው። በበሩ የሚሰለፉትን ያውቁ እንደሆነ ብዬ ነው። ስሜ ፈቀደ ባልቻ ነው።»

ጣሳው ሽሮው ውስጥ ቀረ።

«ማን?»

«ፈቀደ ባልቻ።»

«እህቴ፣ ሂጂ፤ ዘግቻለሁ» አለቻት ደንበኛዋን። ሴትዮዋ «እንዴ፣ ገና በጠዋቱ!» ብላ ስታጉረመርም የሱቁን የብረት መዝጊያ እስከ ግማሽ ሳበችው። ከዚያ ጆንያ ላይ ቁጭ አለችና መነጽሯን አውርዳ አባቴን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየችው።

«አለህ እንዴ?» አለች። «እርስዎ» ማለቷ ቀረ። «አለህ እንዴ አንተ?»

የነገረችንን እንዳለ ልጻፈው። ግርማ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት፤ እዚያ ቤት ታስሮ ነበር። እናቷ ስንቁን ትሠራለች፣ እሷ ታደርሳለች። ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ረቡዕ ምሳ ዕቃውን ስትሰጥ ዘበኛው አልቀበልም አላት። «ከእንግዲህ ለሱ አታምጪ» አላት። ትርጉሙን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

«ዘበኛው የሰፈራችን ልጅ ነበር» አለች። «ጠጋ ብሎ ‹እዚህ እንዳታለቅሺ፣ አንቺንም ያስገቡሻል› አለኝ። እኔ የጨነቀኝ ለቅሶው አልነበረም። ምሳ ዕቃውን እንደሞላ ይዤ ቤት እንዴት ልግባ? እናቴ ልቧ ደካማ ነው፤ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። ባዶውን ስታይ ነው የምትተኛው። ዘበኛው ገባው። ‹አንድ ከአገር ቤት የመጣ፣ ማንም የማይጠይቀው ልጅ ትናንት ገብቷል፤ ፈቀደ ባልቻ ይባላል። ለሱ ላስገባው› አለኝ። አስገባው። ባዶውን ይዤ ሄድኩ።»

«ዐሥር ወር?» አለ አባቴ።

«ዐሥር ወር። እናቴ ለግርማ ትሠራለች፣ አንተ ትበላለህ፣ ባዶው ይመለሳል። ደግሞ አጥበህ ነበር የምትልከው!»

«በአመድ ነበር የማጥበው» አለ አባቴ። «ሌላ የምመልሰው ነገር አልነበረኝም።»

«ግርማ በሕይወቱ ሰሃን አጥቦ አያውቅም። እናቴ የመጀመሪያ ቀን ገልብጣ አየችውና ‹እስር ቤት ልጄን ሰው አደረገው› ብላ ሳቀች። እኔም ጉድ አለፈልኝ አልኩ። ከዚያ አንድ እሑድ ሌላ ዘበኛ ቆሞ ‹ፈቀደ ባልቻ የለም› አለኝ። የት ሄደ ብሎ ማን ይጠይቃል? የሞላውን ይዤ ገባሁ። እናቴ ክዳኑን እንኳን አልከፈተችም፤ ከእጄ ስትቀበለኝ በክብደቱ ዐወቀች። ‹ያኛውም ልጅ ሄደ?› አለችኝ።»

መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠራረገች።

«ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች። እኔን እንዳይከፋኝ ብላ ዝም ብላለች፤ እኔም እሷን ብዬ ዝም ብያለሁ። ማልቀስ የተከለከለ ነበር፤ ያን ቀን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ለሁለታችሁም አለቀሰች።»

አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይጨምቃል። «እኔ ግን ተፈትቼ ነው» አለ። «ያን እሑድ ከመሳለሚያ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእግሬ ሄድኩ፣ ደስ ብሎኝ። ፀጉሬን ተቆረጥኩ። እናንተ ስታለቅሱ እኔ ፀጉሬን እቆረጥ ነበር። ምነው በዚያ በር ቆሜ በጠበቅኩ!»

«እንዲህ አይባልም!» ብላ ተቆጣችው። «ወጣህ፤ ተመስገን ነው። ይህችን የመሰለች ልጅ ወለድክ። እናቴ ይህን ብትሰማ ኖሮ…» ቃሏን አልጨረሰችውም። እናቷ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል። አባቴ ተነሥቶ እጇን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከለችው፤ ጉንጩን ሳመችው፤ እኔንም ሳመችኝ። እንባዬን በእትዬ ዘይነባ ቀሚስ እጅጌ ጠረግኩ፤ እጅጌው በርበሬ ነክቶት ኖሮ ዓይኔን አቃጠለኝና ሁለቱም ሳቁብኝ።

ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችው። «ግርማን አላየኸውም?»

ትንሽ ቢዋሽላት ምን አለበት ብዬ በልቤ ተመኘሁ። አንድ ቃል ብቻ፣ ደግ ሰው ነበር ብቻ ቢላት።

«አላየሁትም» አለ አባቴ። «እኔ ስገባ እሱ አልነበረም።»

«ጥሩ» አለች እትዬ ሙሉነሽ። «የመጣው ሁሉ አየሁት ይለኛል። አንዱ ሲዘፍን ነበር ይላል፣ አንዱ ሲጸልይ ነበር ይላል። ግርማ ዘፈንም ጸሎትም አያውቅም። አንተ አትዋሽም ማለት ነው። እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂኝ።»

«ግርማ ጨው ይወድ ነበር። እናቴ ስንቁን ሁልጊዜ በሱ ልክ ነበር የምትሠራው፤ እኛ አንችለውም ነበር። ካወቀች በኋላም አልቀነሰችም፤ እጇ እምቢ አላት። ልትሞት ተኝታ እንኳን ያስጨነቃት እሱ ነበር። ‹ለዚያ ልጅ ጨዉ በዝቶበት ይሆን? ሳልጠይቀው፣ በሌላ ሰው ልክ አበላሁት› ትል ነበር። በዝቶብህ ነበር ወይ?»

አባቴ ያንን ስንቅ በየማዕዱ ሲመርቅ ነው ያደግኩት፤ አንድም ቀን ጣዕሙን ሲነቅፍ ሰምቼው አላውቅም። «በፍጹም» እንደሚል እርግጠኛ ነበርኩ። እሱ ግን ክራቫቱን ነካካ፣ ወደ መሬት አየ፣ እንደገና ወደ እሷ አየ።

«ትንሽ» አለ። «ትንሽ ይበዛ ነበር።»

እትዬ ሙሉነሽ ጉልበቷን መታችና ሳቀች፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ከመዝጊያው ሥር ሰው ጎንበስ ብሎ እስኪያያት ድረስ ሳቀች።

«ብያት ነበር!» አለች። «እናቴን ጨው በዛ ብያት ነበር!»